የኢልሜራ መርዶ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለእታለም ፀዳለ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ጸጉር ቤቱስ እንዴት ነው? እማማ ሓረጉ ጉልበታቸውን ተሻላቸው ወይ? ዘሀራስ ከነጨርቅ ሱቋ ደኅና ናት? ከመርሳ ላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ያለውን ዘመድ ሁሉ፣ የማትወጃቸውንም ጭምር፣ አንድ በአንድ ሳሚልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። በጣም ደኅና ነኝ። ምንም አልሆንኩም፤ እንዳታስቢ።

የማልደውልልሽ ጠልቼሽ አይደለም። እናንተ ጋ ኔትወርክ ሲመጣ እኔ ስቱዲዮ ውስጥ ነኝ፤ እኔ ስወጣ የናንተው ይጠፋል። ዓለምነህ አውቶቡሱን ይዞ ወደ ወልድያ ሲመለስ መርሳ ላይ ቆሞ እንዲሰጥሽ ይህን ጻፍኩ።

ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። ተከታታዩ ፊልም «ዘጠኙ ግንቦች» በምን እንደሚያልቅ ንገሪኝ ብለሻል። ኢልሜራን በአማርኛ የምናገራት እኔ ነኝና መጨረሻውን አውቀዋለሁ፤ ግን ፊልሙ ሳይታይ ለማንም ላልናገር ቃል ገብቻለሁ። ለእናቴ ልጅም አልናገርም። እስከ መጨረሻው ክፍል ድምፁ ያንቺ ነው ወይ ያልሽኝን ደግሞ ሌላ ጊዜ እንጫወተዋለን።

ብቻ አንድ አደራ አለኝ። የመጨረሻው ክፍል ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ ነው። ያን ቀን ማንም ለብቻው አይየው። ሁላችሁም ጸጉር ቤቱ ተሰብሰቡ። እህል ቀምሳችሁ ተቀመጡ። እማማ ሓረጉን መሀል አድርጓቸው፤ ዘሀራም ከጎናቸው አትራቅ። የመጣውን በጸጋ መቀበል ነው፤ ሁሉም ያልፋል። በርቱ፣ ልባችሁን ጠንከር አድርጉ።

ደግሜ ሰላም ብያችኋለሁ። አሁንም ሰላም።

እኅትሽ ብሌን


መርሳ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለብሌን፣

እኛ ደኅና አይደለንም። ልጅቱን ገደልሻት።

ደብዳቤሽን ጸጉር ቤቱ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ምን ላድርግ፣ ያንቺ ደብዳቤ የኔ ብቻ ሆኖ ያውቃል? ካስኩ ሥር የተቀመጠችው እንኳ ማሽኑን አጥፊልኝ ብላ አዳመጠች። ስጨርስ እማማ ሓረጉ እጃቸውን አነሡና «እስቲ ከራሱ ድገሚልኝ» አሉኝ። በሐብሩ መርዶ ሲኖር ሰው የሚጠራው እሳቸውን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ የሳቸው አረዳድ ሰው አይጥልም ይባላል። ደገምኩላቸው። «ይቺ ልጅ መርዶ ይዛለች» አሉ።

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«ሰላምታው በዛ። ሳይጠይቋት ደኅና ነኝ ደኅና ነኝ አለች። ተሰብሰቡ፣ እህል ቅመሱ፣ ልባችሁን አጽኑ አለች። እኔ ሰው ሳረዳ ከዚህ ሌላ ምን እላለሁ?»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመን፤ ኢልሜራ ልትሞት ነው አልን። ዘሀራ «ኢና ሊላሂ» ብላ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። በማግሥቱ ንፍሮ ቀቅላ መጣች። ለቀልድ ነበር፤ ግን ንፍሮ አፍ ሲገባ ቀልድ አይሆንም መሰለኝ፣ ሁላችንም አለቀስን። ወሬው ገበያ ወጣ። አንድ ቀን ከግራና አንድ አዛውንት ዱላቸውን ይዘው ከች አሉ፤ መርሳ ላይ ኢልሜራ የምትባል ልጅ ሞተች ሲባል ሰምተው ለቅሶ ሊደርሱ ነው። «የማን ልጅ ነበረች?» ሲሉኝ ምን ልበል፣ «የንጉሥ» አልኳቸው። «አይ፣ ነፍስ ይማር» ብለው ንፍሯቸውን በልተው ሄዱ።

አሁን የቀረን አሟሟቷ ላይ መከራከር ነው። ዘሀራ ያ ቶርቃን የሚባል ንጉሥ መርዝ ያጠጣታል ባይ ናት። እኔ በቡሬ እሳት ነው እላለሁ። ቡሬ ያልነው ዘንዶዋን ነው፤ ያን የራሱን ስም ማን አፉ ይይዘዋል፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቡሬ አልነው። የእማማ ሓረጉ የልጅ ልጅ ኪሩቤል፣ ወልድያ የሚማረው፣ ክርክራችንን ቁጭ ብሎ ሰምቶ ስቆብን ሄደ።

እውነት ከሆነ ንገሪኝ። ውሸት ከሆነም ንገሪኝ። ዝም አይነቅዝም ብለሽ እንዳትተርቺብኝ።

ፀዳለ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም፣

ነቀዘ። የኔ ዝምታ ነቅዟል።

ኪሩቤል ስቆ ብቻ አልሄደም። ወልድያ ገብቶ ዋይፋይ ያገኘ ዕለት ቴሌግራም ላይ እንዲህ ብሎ ለጥፎልሻል፦ «ከመርሳ አፈትልኮ የወጣ መረጃ፤ ኢልሜራ በገዛ ዘንዶዋ እሳት ትሞታለች፤ ምንጩ ታማኝ ነው።» አገር ምድሩ ተቀባበለው። ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ ቶርቃን እንደሚያስነሣት ይምላል፣ አንዱ ደግሞ ሞታ የምታልፍበትን ግንብ ሥዕል ሠርቶ ለጥፏል። ታክሲ ውስጥ ሁለት ልጆች ሲሟገቱ ሰማሁ። አንደኛው «ዘንዶው እኮ ቡሬ ነው የሚባለው» አለ። እዚያ ላይ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

የቅጂ ኃላፊያችን ኤርሚያስ ሁላችንንም ሰበሰበን። ከስልኩ ላይ አነበበና «ከመካከላችሁ የመርሳ ልጅ ማን ናት?» አለ፤ አሳምሮ እያወቀኝ። ቆምኩ። በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጥፋቱ የኔ ነው ብለሽ ይቅርታ ጠይቂ አለኝ። ከጠየቅኩ ትንንሽ ድምፆች አይነሡኝም፤ ገረድ፣ ሽንኩርት ሻጭ፣ ከሩቅ የምትጮህ ሴት። ካልጠየቅኩ በሩ ይኸው። በሁለቱም ግን ኢልሜራን በመጨረሻው ክፍል ሌላ ሴት ናት የምትናገራት።

እምቢ አልኩ። ያላወጣሁትን ምሥጢር አወጣሁ ብዬ አልቆምም። ያች ልጅ በረሃብ ጫካ ገብታ፣ እኅቷን ቀብራ፣ ለቶርቃን አልተንበረከከችም፤ እኔ ለኤርሚያስ ልንበረከክ? ስትስል አብሬ የሳልኩት፣ ስትሮጥ አብሬ ያለከለክሁት እኔ ነኝ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ጀምሬያታለሁ፤ እኔው ልጨርሳት።

አንቺን ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ያን ልጅ አስቁሚልኝ። ደብዳቤዬንም በካስክ ሥር ላለ ሁሉ አታንብቢ። እማማ ሓረጉን በኔ በኩል ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ በሳቸው አልተቀየምኩም።

ብሌን


መርሳ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ብሌንዬ፣

ይቅርታ አልጠይቅሽም። ይቅርታ የሚጠይቅ ያጠፋ ነው፤ እኔ ደብዳቤ ነው ያነበብኩት። የናፈቀኝን ሰው ደብዳቤ አፍኜ የምይዝ ከሆነ ምኑን እኅት ሆንኩ? ይህንንም የመጨረሻሽን አንብቤላቸዋለሁ፤ አታንብቢ ያልሽውን መስመር ጭምር። ዘሀራ «ወላሂ ልክ ናት» አለች፤ ከዚያ ቀጥዪ አለችኝ።

ኪሩቤልን አያቱ አስጠሩት። ከወልድያ ድረስ መጣ። ጆሮውን ያዙና «ታማኝ ምንጭ ያልከው ማንን ነው?» አሉት። «እርስዎን ነዋ፣ እማማ» አላቸው። ጆሮውን ለቀቁት። ውሸት ነው ብሎ እንዲጽፍ አዘዝነው፤ ጻፈ። ሰዉ ግን አስፈራርተውት ነው ብሎ ይብሱን አመነ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ እኛ ምን እናድርግ።

አለቃሽን በተመለከተ፣ ብመጣ ብዙ የምለው አለኝ። ለራሱ ስል አልመጣም።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። እማማ ሓረጉ ሲያረዱ ኖረው አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም፤ ይኸን አንቺም ታውቂያለሽ። ከትናንት ወዲያ ጸጉራቸውን ስሠራላቸው ያን የመጀመሪያውን ደብዳቤሽን አምጪው አሉኝና ጭናቸው ላይ አድርገው ያዙት። «ኢልሜራ ላትሞት ትችላለች» አሉ። «እዚህ ወረቀት ውስጥ ግን አንድ ሰው ሞቷል።»

ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ሁለት ነገር ጠይቄሽ ለአንዱ ብቻ ነበር ምክንያት የሰጠሽኝ፤ የድምፁን ሌላ ጊዜ ብለሽ ዘለልሽው። ብሌን፣ ማን ነው የሞተው?

ፀዳለ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም፣

እማማ ሓረጉ አልተሳሳቱም። የሞትኩት እኔ ነኝ።

ኤርሚያስ የጠራኝ ያን ደብዳቤ በጻፍኩ ዋዜማ ነበር። ያኔ ኪሩቤል ገና አልሳቀም፣ ቴሌግራሙም የለም። «ያንቺ አማርኛ ዜማ አለው» አለኝ። «ለጫካዋ ልጅ ያምራል። ለመጨረሻው ክፍል ግን አይሆንም፤ ሌላ ሰው አግኝተናል።» ለምን እንደማይሆን ምክንያቱንም ነግሮኛል። እሱን ብነግርሽ መጨረሻውን መናገር ይሆንብኛልና አልነግርሽም።

የኢልሜራን የመጨረሻ ንግግር ከዚያ በፊት አጥንቼው ነበር። ልብስ ሳጥብ እለዋለሁ፣ ታክሲ ስጠብቅ በሆዴ እለዋለሁ። እሱን ነው ከእጄ ላይ የቀማኝ። ልነግርሽ አፈርኩ። መርሳ ላይ እኅቴ በደንበኞቿ ፊት «ያቺ እኮ የኛዋ ናት» እያለች ቴሌቪዥኑን ስትጠቁም ታየኝና እጄ ሌላ ነገር ጻፈ። ሰላምታው የበዛው ለዚያ ነው። እኔን ልትሰሙ ተሰብስባችሁ ሌላ ሰው እንደምትሰሙ ስለማውቅ ነው አብራችሁ ሁኑ ያልኩት።

እንግዲህ የይቅርታው ነገር ሳይገባሽ አልቀረም። አነጋገሯን ንቀን አስወጣናት ከማለት ምሥጢር አውጥታ አስወጣናት ማለት ይቀላል። ኪሩቤል ምክንያት ሰጣቸው እንጂ አላስወጣኝም፤ ጆሮውን አትያዙት።

ጽፈሽልኝ ሳይሆን ዓለምነህን በቃል ልከሽ የጠየቅሽኝንም ሰምቻለሁ፤ አሁንማ ምን ቀረሽ፣ ሞተች ወይስ ዳነች ንገሪን ብለሻል። አልነግርሽም። እነሱ ቃላቸውን በሉ፤ እኔ የኔን አልበላም። ለኤርሚያስ ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነው። ምሥጢር አባካኝ ካሉኝ በኋላማ ጨርሶ አልናገርም።

አዝኛለሁ፣ ምን እደብቅሻለሁ። ትናንት ስቱዲዮው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ምርር ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ገባሁና ይቅርታውን ሲጠይቁኝ እንደገና እምቢ አልኩ። እምቢታው ሁለተኛ ጊዜ ይቀላል።

ብሌን


መርሳ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ብሌንዬ፣

አነበብኩላቸው። ካስኩን እኔው አጠፋሁት።

ከዚያ እማማ ሓረጉ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ፤ አማርኛ ስናገር ትግርኛው ይከተለኛል» አሉ። «በዚሁ አፍ ከቆቦ እስከ መርሳ ቅመም ሸጥኩ። ዜማሽ ደስ አላለኝም ብሎ ሚጥሚጣዬን የመለሰ ሰው አላየሁም።» ዘሀራ ደግሞ የሷ ድምፅ ካልሆነ ወላሂ አላይም አለች። ሁሉም ተከተላት። እኔ ምን እንዳልኩ አልጽፈውም፤ ይኸ ወረቀት በዓለምነህ እጅ ነው የሚያልፈው።

አሁን ስሚኝ። የወሰንነውን ልንገርሽ እንጂ እየጠየቅንሽ አይደለም።

ቅዳሜ እነሱ ያሳዩ። እኛ አናይም። የጸጉር ቤቱ ቴሌቪዥን ያን ማታ ይዘጋል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ድጋሚው አለ። ያኔ ሥዕሉን ከፍተን ድምፁን እናጠፋዋለን። አንቺ ካስኩ አጠገብ ቆመሽ ኢልሜራን ትናገሪልናለሽ። ቅዳሜ አገር ካየው በኋላ ምሥጢር የሚባል የለምና ቃልሽ አይሰበርም፤ ይኸን ያሰበችው ዘሀራ ናት፣ በጨርቅ ሱቅ ውስጥ ጠበቃ ተሸሽጎ ኖሯል። የሌሎቹን ቃል ሥዕሉን እያየን እኔና ኪሩቤል እንሞላዋለን። ቶርቃንን ማን ይናገር በሚለው ላይ ገና አልተስማማንም።

ቅዳሜ የሚያዩ እንዳሉ አውቃለሁ። እስከ እሑድ አፋቸውን እንዲይዙ አስጠንቅቀናል። የመጨረሻዋን ኢልሜራ መጣ መጣ እንደሚባለው እንደ ሐራ ባቡር ስንጠብቅ ኖረን በአንድ ቀን አንሞትም።

ፈራሁ ካልሽም ፍሪ፤ ፈርተሽ ነይ። አጥፍታ ነው ብለው እንዲያወሩብሽ እዚያ ደረጃ ላይ ቁጭ አትበዪ። ዓለምነህ ከፊት ወንበር ይዞልሻል።

ፀዳለ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም፣

ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀኝ። «ይቅርታ ሳትጠይቂ ከዚህ በር ከወጣሽ አትመለሺም» አለኝ። «ወገኖቼ ኢልሜራ ሞተች ብለው ንፍሮ ቀቅለዋል» አልኩት። «አንተ ለማን ቀቅለህ ታውቃለህ?» ምን እንዳልኩ የገባው አልመሰለኝም። ወጣሁ።

መንገዱ ክፍት ከሆነ ቅዳሜ ማታ እደርሳለሁ። ያን ማታ አንድም ሰው አንድም ነገር እንዳይጠይቀኝ። ቶርቃንን እማማ ሓረጉ ይናገሩት።

ብሌን


መርሳ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ብሌንዬ፣

ያን እሑድ የተናገርሽውን ማን ቀዳው ብለሽ ጠይቀሻል። ኪሩቤል ነው፤ ሌላ ማን ይሆናል። አንቺ ሰኞ ከሄድሽ በኋላ ነው የነገረኝ። ስልኩን ካስኩ ላይ አስቀምጦት ኖሯል። ጆሮውን አልያዝኩትም።

የቀዳው ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ምስል የለውም። ኢልሜራ ዙፋኑ ፊት ደርሳ፣ መኳንንቱ ዞረው ሲያዩዋት፣ አፏን ከፈት ስታደርግ መብራት ሄደ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነነው ነበርና ጨለማ ሆነ። እኔ አለቀ ብዬ ልጮኽ ነበር። አንቺ ግን አላቆምሽም። መብራት መሄዱን ያላወቅሽ ይመስል፣ ልብስ ስታጥቢ እንዳልሽው፣ እስከ ጥጉ ተናገርሽው። «ከጫካ ነው የመጣሁት፤ ዙፋኑ ከከበደው እሱ ይነሣ እንጂ እኔ አልነሣም» ስትዪ የዘሀራ እጅ እጄን ጨብጦ ሊሰብረው ነበር። ኤርሚያስ ዜማሽ አይሆንም ያለው ለንግሥት አይመጥንም ብሎ ነበር እንዴ? ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?

እንግዲህ አንድ ነገር ልንገርሽ። ስትነግሥ እስካሁን አላየናትም። መብራት መጥቶ ድጋሚው ብዙ ጊዜ አልፏል። ኪሩቤል ላምጣላችሁ ቢለንም ማንም አልፈለገም። እኛ ያወቅናት በጨለማው ውስጥ እንደነገሠች ነው፤ ይበቃናል።

አንቺ በስተኋላ ስለነበርሽ በሩ ላይ የሆነውን አላየሽውም። ቤቱ አልበቃ ብሎት ውጪ ቆሞ የነበረው ሰው መብራት ሲሄድ ሞታለች ብሎ ነበር። እማማ ሓረጉ ተነሡ። ጉልበታቸውን ይዘው በሩን ከፈቱ። ሰዉ እሳቸውን ሲያይ ጸጥ አለ፤ የሳቸው በር ላይ መቆም ምን እንደሆነ ያውቃላ። አንዷማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። «የምሥራች» አሉ እማማ ሓረጉ። እንዲህ ሲሉ ሰምተናቸው ስለማናውቅ ማንም አልመለሰላቸውም። «የምሥራች አልኳችሁ እኮ፤ ነግሣለች።» ያኔ ሰዉ «ምስር ይብሉ» አላቸውና እልልታው ቀለጠ። ማታ ስንሸኛቸው፣ ዕድሜዬን ሙሉ መርዶ ስሸከም አንድም ሰው ይኸን ሊያስብለኝ አላሰበም አሉኝ። አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

አሁን ድምፅሽ በፍላሽ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። ዓለምነህ ወልድያ መናኸሪያ ሰምቶታል። ባጃጆቹ ከፍተውት ይሄዳሉ። ግራናም ደርሷል፤ ያ ለቅሶ የመጡት አዛውንት ልጅቷ እንዳልሞተች ሰምተው እግዚአብሔር ይመስገን ብለዋል። ወልድያ ላይ አንዱ የጣቢያውን ሲከፍት ሰው «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ብሎ አስዘጋው አሉ።

ኤርሚያስ ደውሎ ይኸን ያሠራጨው ማን ነው፣ ካንቺ ከሆነ ይቅርታ ጠይቂ እንዳለሽ ጽፈሻል። ይኸ ሰው ከይቅርታ ሌላ አማርኛ አያውቅም? ያላፈተለከ ነገር አፈተለከ ብሎ አስወጥቶሽ ነበር። አሁን እውነትም አፈትልኳል። ማን ነው ካለ መርሳ ናት በዪው። ስም ከፈለገም ፀዳለን፣ ሓረጉን፣ ዘሀራን፣ ኪሩቤልን ይያዝ። የግራናው አዛውንትም ስሜን አስገቡኝ ብለዋል።

ሌላ ስቱዲዮ ለሥራ ጠራኝ ያልሽውን ሂጂበት። አፍሽን አስተካክዪ ካሉሽ አውቶቡሱን ታውቂዋለሽ። እኔ እንደሆነ ያቺ እኮ የኛዋ ናት ማለቴን አልተውም፤ የምጠቁምበት ሥዕል ባይኖርም እጠቁማለሁ። እኔው ልጨርሳት ብለሽ ነበር፤ ጨርሰሻታል።

የሰላምታችንን ማጠር አይተሽ እንዳትቀየሚ። የሞተ የለም።

እኅትሽ ፀዳለ